ሚዛኑ በማን እጅ ነበር? የሐይቅና የአምባሰል ገበሬ የኅብረት ሥራ ጉዞ

አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ ተነሥተው ወሎ ውስጥ ሐይቅ የገቡት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ብራና መጻሕፍቱ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚያ ስለ መማራቸው፣ አበምኔቱም «ዓቃቤ ሰዓት» ተብሎ በቤተ መንግሥት ስለ ነበረው ሥልጣን በሰፊው ጽፈዋል። ለዚህ ትረካ መነሻ የሚሆነው ግን የማኅበረ መነኮሳት ኑሮ ነው። በማኅበር የሚኖር መነኩሴ የግሌ የሚለው ነገር የለውም። ይሠራል፣ ያስገባል፣ ከማኅበሩ ማዕድ ይበላል። ሀብትን በጋራ ይዞ በጋራ የመኖር ሥርዓት በዚያ ውሃ ዳር ሲታወቅ ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ከገዳሙ ውጭ ያለው ገበሬ ባለትዳርና ባለልጅ ነው፤ እንደ መነኩሴ ሊኖር አይችልም። እሱም የራሱን መላ አበጀ። አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ተራ በተራ ያርሳል፤ ይህ መቀናጆ ነው። አረም ሲበረታ ወንፈል ይገባል፣ አጨዳ ሲደርስ ደቦ ይጠራል። ላም የሌለው ከባለላሙ በርቢ ወስዶ ያረባል፣ ውላጁን ይካፈላሉ። ሞት ሲመጣ ደግሞ ቅሬው አለ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። በሐይቅና በአምባሰል ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ ተመዝግቦ፣ አንዱ ለሌላው መቃብር ይቆፍራል፣ ለቀስተኛም እህልና ውሃ ያቀርባል። ቅሬ መቅበር ብቻም አይደለም። ያጠፋውን ይቀጣል፣ የተጣላውን ያስታርቃል፣ እምቢ ያለውን ከማኅበር ያገልላል። ከቅሬ የተገለለ ሰው ምን እንደሚደርስበት የወሎ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ መረዳዳት ግን አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ገበያ ላይ። ገበሬው አብሮ አርሶ፣ አብሮ አርሞ፣ አብሮ አጭዶ ሲያበቃ ገበያ የሚወጣው ለየብቻው ነው። አህያው ላይ ስልቻውን ጭኖ ይመጣል። ነጋዴው ቁናውን ይዞ ይጠብቀዋል። ሲገዛ ቁናውን ነቅነቅ አድርጎ ያስሞላል፣ ከላይ ይከምርበታል፤ ሲሸጥ አፉን በእጁ ጠረግ አድርጎ ይሰጣል። በዚያች ልዩነት ስንት ቤት እንደ ተሠራና ስንት ጎተራ እንደ ተራቆተ የጻፈ የለም። ቁናው በማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ ከዚህ በኋላ በሚመጣው ታሪክ ሁሉ ውስጥ አለ።

የአምባሰል ስም በዓለም ፖለቲካ የተነሣው በ1881 ዓ.ም. ነው። ሚያዝያ 25 ቀን ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ አንቶኔሊ አምባሰል ውስጥ ባለችው ውጫሌ ላይ የተፈራረሙት ውል ወደ ዐድዋ እንዳደረሰን ሁሉም ያውቃል። በዚያው ወራት የአምባሰል ገበሬ የሚያወራው ስለ ውል አልነበረም። ኢጣልያኖች በምፅዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶት ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ክፉ ቀን የሚባለው ይህ ነው። በሬ ከሌለ መቀናጆ የለም፤ የሚያርስ ከሌለ ደቦ የሚጠራበት እርሻ የለም። ሰው በዶማ ቆፈረ። ምኒልክም ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ሕዝቡ እንዲከተላቸው አዘዙ። መረዳዳት ሁሉም እኩል ሲደኸይ የሚካፈለው ነገር እንደሚያጣ ወሎ ያኔ አየ።

የባለ እጁ ነገር ደግሞ የብቻው ቁስል ነው። ማረሻውን፣ ማጭዱንና ዶማውን የሚሠራው ቀጥቃጭ፣ ምጣዱንና እንስራውን የምትሠራው ሸክላ ሠሪ፣ ጋቢውንና ነጠላውን የሚሠራው ሸማኔ፣ በደጋው የበግ ጠጉር ፈትሎ ባና የሚሠራው ሁሉ ገበሬው ያለ እነሱ መኖር የማይችላቸው ሰዎች ናቸው። ግን ይሰደቡ ነበር። «ቡዳ»፣ «ቁጢት በጣሽ» ሲባሉ ኖረዋል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእጅ ሠራተኛ ላይ የሚነገረውን ስድብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ለጊዜው ትልቅ ነገር ነበር። ንቀቱ ግን በአዋጅ አልጠፋም፤ ከዚያ ወዲያ የመጡት የኅብረት ሥራ ሕጎችም ባለ እጁን ሁልጊዜ ከገበሬው ኋላ ሲያስከትሉት እናያለን።

በሕግ የተመሠረተ ኅብረት ሥራ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ዘግይቶ ነው። በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል የሸማኔዎች ከተማ 28 ሰዎች ሳንቲም አጠራቅመው ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ አጃና ሻማ የሚሸጥ ሱቅ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1844 ነበር። ሕጋቸው አጭር ነበር። እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ ሚዛን አይሰረቅም፤ ትርፉ አባሉ በገዛው መጠን ይመለስለታል። እነዚያ ሰዎች ከፋብሪካ ባለቤቶች ሱቅ የተበላሸ ዱቄት በውድ ዋጋ እየገዙ የተማረሩ ነበሩ። ሐይቅ ገበያ ውስጥ ቢገቡ የቁናውን ነገር ማንም ሳያስረዳቸው ይገባቸው ነበር።

እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ሕግ ስለ እርሻ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 44/1953 ነው። ቀጥሎ አዋጅ ቁጥር 241/1958 መጣ። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ በመላ አገሪቱ የተመዘገቡት ማኅበራት 149 ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚህ ውስጥ 19ኙ የሸማቾች፣ 17ቱ የዕደ ጥበብ ነበሩ። የወሎ ጭሰኛ ወይም የእኩል አራሽ የሆነ ሰው እዚህ ቁጥር ውስጥ መግባቱ ያጠራጥራል። አባል ለመሆን ዕጣ መግዛት፣ ትርፍ ምርት ማውጣትና በመሬቱ ላይ መተማመን ያስፈልጋል። መሬቱ የባላባት፣ ምርቱ የእኩል ከሆነ ማኅበሩ የሚቆምበት መሠረት የለም። አዋጁ በወጣበት በ1958 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ረሃብ ነበር። ያን ረሃብ ከፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በቀር ያስታወሰው ምሁር ጥቂት ነው።

ከዚያ የ1964 ክረምት ከዳ። የ1965 በልግም ሳይመጣ ቀረ። ከደሴ በሐይቅና በውጫሌ አድርጎ ወደ ሰሜን በሚሄደው የአስመራ አውራ ጎዳና ላይ የተራበ ሰው ወጥቶ መኪና እያስቆመ ይለምን ጀመር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ውስጥ አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ዙፋኑ ከአንድ ዓመት በኋላ አልነበረም።

ስለዚያ ረሃብ ከተጻፈው ሁሉ ለዚህ ትረካ የሚበጀው ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተመው ጥናት ነው። ሴን የደሴን ገበያ ዋጋ መረመረ። ሰው በሚሞትበት በዚያ ወቅት ደሴ ላይ የእህል ዋጋ የተጠበቀውን ያህል አላሻቀበም። ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህልም ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ፣ ከብቱ የሞተበት አርብቶ አደር የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ነጋዴ ገንዘብ ወዳለበት ይጭናል። እህል በአጠገቡ አልፎ እየሄደ ሰው ሞተ ማለት ነው። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የሚታየኝ የሐይቅ መንገድ ነው፤ በአንድ በኩል ጭነት መኪና፣ በሌላ በኩል እጁን የዘረጋ ሰው። ገበሬው የራሱ ጎተራ፣ የራሱ መጋዘን፣ የራሱ ቁጠባ ያለው ማኅበር ቢኖረው ኖሮ ድርቁን ማስቀረት አይችልም ነበር። የመጀመሪያውን ክረምት ግን ሊሻገርበት በቻለ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በደርግ አዋጅ የሕዝብ ሆነ። የአምባሰል ገበሬ ከባላባትና ጃንጥራር ከሚባለው የአምባሰል ገዢ ዘመን ወጥቶ ባለ መሬት የሆነበት ቀን ስለሆነ ደስታው እውነተኛ ነበር። በዓመቱ አዋጅ ቁጥር 71/1968 መጣ። ከሦስት እስከ ዐሥር የገበሬ ማኅበራት ሆነው አንድ የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲያቋቁሙ አዘዘ። ገበሬው ባጭሩ «አገልግሎት» ይለው ነበር። ሱቁ ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ነጭ ጋዝ፣ አቡጀዲ ይዞ መጣ። ወፍጮ ያስተከለ ነበረ። እናቶች እስከ ደሴ ሄደው የሚሸምቱትን በቀበሌያቸው አገኙ። ኅብረት ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭሰኛ የነበረው ሰው ደጃፍ የደረሰው ያኔ ነው፤ ይህን ለደርግ መመስከር ተገቢ ነው።

ግን ያው «አገልግሎት» በሌላ እጁ ኮታ ይሰበስባል። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከየገበሬው የሚፈልገውን ኩንታል በቁርጥ ዋጋ ይወስዳል፤ አሰባሳቢው ማኅበሩ ነው። ዋጋው ከገበያው በታች ነበር። ዝናብ ከድቶት ምርት ያልደረሰለት ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ አስረክቧል። ነጋዴው ቁናውን ሲያታልል ቢያንስ መከራከር ይቻል ነበር። ኮታ ላይ ክርክር የለም። ገበሬው «የእኔ» ያለው ማኅበር የመንግሥት ሚዛን ሆኖ አገኘው፤ በዚህም የተነሣ በኅብረት ሥራ ስም ላይ ያደረው ጥርጣሬ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

በ1970 አዋጅ ቁጥር 138 ወጣ፣ በ1971 ደግሞ የአምራቾች ማኅበር መመሪያ ተከተለ። መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ የሚሉት ደረጃዎች የመጡት በዚያ ነው። በመልባ አባሉ መሬቱን ለማኅበሩ አስገብቶ ለጓሮው ከ2,000 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ያስቀራል፤ በወልባ በሬውና ማረሻውም የማኅበር ይሆናል። ለአምራች ማኅበር ለሙ መሬት፣ ማዳበሪያው፣ ቀላል ብድሩና የግብር ቅናሹ ቀድሞ ይሰጣል። ያልገባው ገበሬ መሬቱን ለማኅበሩ ለቅቆ ወደ ጭንጫው ይሄዳል። መቀናጆን የፈጠረ ሕዝብ በሬውን ማካፈል አያውቅም አይባልም። ሲያካፍል ግን በሬው የማን እንደሆነ፣ ነገ በማን እርሻ እንደሚውል፣ ከታመመ ማን እንደሚያስታምመው ያውቃል። ወልባ ይህን ሁሉ አጠፋው። የሁሉ የሆነ በሬ ሲታመም የሚያድርበት ሰው አልነበረም።

የሸማኔውና የቀጥቃጩም ተራ በዚሁ ዘመን ደረሰ። በ1969 ዓ.ም. የተቋቋመውና ሀሲዳ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የዕደ ጥበብና የአነስተኛ ኢንዱስትሪዎች መሥሪያ ቤት ባለ እጁን በማኅበር አደራጀ። ሸማኔው ድርና ማግ ከፋብሪካ በተወሰነ ዋጋ ያገኝ ጀመር። ስድብ ተከለከለ፣ ባለሙያ ተባለ፣ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ተናገረ። ክር ሲጠፋ ግን ማኅበሩ ስም ብቻ ይቀረው ነበር።

ደስ የሚለኝ የዚያ ዘመን ትሩፋት ሌላ ነው። በ1970 ገደማ ሐይቁ ውስጥ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ተጨመረ። ሐይቅ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ፣ መውጫ ወንዝ የሌለው ውሃ ነው፤ ከላዩ ካለው ከአርዲቦ በአንካርካ ወንዝ ይመገባል። ቆሮሶው ተራባ። ቀድሞ ውሃውን ለመጠጥና ለበረከት እንጂ ለገበያ ብዙም የማያስበው የሐይቅ ወጣት መረብ ይዞ ገባ። ጎህ ሳይቀድ ታንኳውን ገፍቶ ይወጣል፣ መረቡን ይሰበስባል፤ ዳር ላይ ቅርፊቱ ይፋቃል፣ ሆዱ ይቀደዳል፣ ሥጋው ከአጥንቱ ይለያል። ዓሣ እንደ ማሽላ ጎተራ አይገባም። ፀሐይ ከወጣች ከሰዓታት በኋላ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ገዢው በመኪና በረዶ ይዞ ሲመጣ አስጋሪው የተባለውን ዋጋ ይቀበላል። ዓሣ አስጋሪዎቹ በኋላ በኅብረት ሥራ ማኅበር መደራጀታቸው ለዚህ ነው። በጋራ በረዶና ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ገዢውን «ነገ ና» ማለት ይችላል።

የ1977 ረሃብ ሲመጣ ወሎ «አገልግሎትም» መልባም ነበረው። ሁለቱም አላዳኑትም። መጋዘን ውስጥ የነበረው እህል የኮታ እህል ነው፤ የገባው ለከተማና ለሠራዊት እንጂ ለአባሉ መጠባበቂያ አልነበረም። ሰው ወደ ኮረምና ወደ ደሴ ጎረፈ። መንግሥት 600,000 ገደማ ሰው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቡርና መተከል አሠፈረ፤ አብዛኛው የወሎ ልጅ ነበር። በስንት ቅሬ የተያያዘ ቤተሰብ በአንድ ሌሊት ተበተነ! ሠፋሪው በሄደበት ጫካ ቀድሞ ካቋቋመው ነገር አንዱ እንደገና ቅሬ መሆኑ የሕዝቡን ጠባይ ይናገራል።

የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ። በአምራች ማኅበር መቆየት በፈቃድ ነው ተባለ። ማኅበራቱ በየቦታው በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ። ገበሬው በሬውን ፈታ፣ መሬቱን በገመድ ተከፋፈለ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ብዙ የ«አገልግሎት» መጋዘንና ሱቅ ተዘረፈ። ይህ የሚያሳዝን ነገር ነው። የዘረፈው ጠላት ሳይሆን ብዙ ቦታ አባሉ ራሱ ነበር፤ ቆርቆሮው፣ በሩ፣ የወፍጮው ቁራጭ ሳይቀር ሄደ። ሰው የራሱን ንብረት አይዘርፍም። ያ መጋዘን የራሱ እንዳልነበረ የሚያምነው ከሆነ ግን ያደርገዋል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የነጋዴ ነበሩ። አዋጅ ቁጥር 85/1986 ስለ ግብርና ኅብረት ሥራ ወጣ። ትልቁ ለውጥ ግን አዋጅ ቁጥር 147/1991 ነው። ያ ሕግ ከሮችዴል ሱቅ ጋር ዝምድና ነበረው። ዐሥር ሰዎች ከተስማሙ መመሥረት ይችሉ ነበር፤ መግባትም መውጣትም በፈቃድ ነበር፤ ዕጣ ቢበዛም ቢያንስም ድምፅ አንድ ነበር፤ ማንም ከጠቅላላው ዕጣ ከመቶ 10 በላይ መያዝ አይችልም ነበር። ከተጣራው ትርፍ ከመቶ 30 ለመጠባበቂያ ይቀመጥ፣ 70ው ለአባላት ይከፋፈል ነበር። የፌዴራል ኅብረት ሥራ ኮሚሽን በአዋጅ 274/1994 ተቋቋመ። መሠረታዊ ማኅበራት ተሰብስበው ዩኒየን ሆኑ፤ በደቡብ ወሎም የአምባሰልን ስም የያዘ የገበሬዎች ዩኒየን ተፈጠረ።

ትርፍ ክፍፍል የሚባለው ነገር በወረቀት ደረቅ ይመስላል። ሲሠራ እንዲህ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ጤፉ፣ ማሽላው፣ በቆላው ደግሞ ማሾው ሲወቃ ገበሬው ግብር፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ ሠርግ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ሁሉ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ወር ገበያ ይወጣል፣ ዋጋው ይወርዳል። ሰኔና ሐምሌ ላይ ያው ገበሬ ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። ማኅበሩ ገንዘብ ካለው ጥር ላይ በገበያው ዋጋ ከአባሉ ይገዛል፣ ሚዛኑ ላይ አባሉ ቆሞ ቁጥሩን ያነባል፣ እህሉ መጋዘን ይገባል፣ ዋጋ ሲሻሻል ይሸጣል። በዓመቱ መጨረሻ አባሉ ስንት ኩንታል እንዳስገባ ደብተሩ ታይቶ በዚያው መጠን ይሰጠዋል። ሁለት ኩንታል ያስገባች ባልቴት የሁለት ኩንታሏን ትወስዳለች፤ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ግን ድምፅዋ ሃያ ካስገባው እኩል ነው። ይህ በእውነት በሠራበት ቦታ ሁሉ የቀበሌው ነጋዴም ዋጋውን ሲያስተካክል ይታያል፤ ማኅበሩ እህሉን ባይገዛ እንኳ ለአባሉ ጠቅሟል።

ችግሩ ብዙ ማኅበር ወደዚህ አለመድረሱ ነው። የቀረው ታሪክ የማዳበሪያ ታሪክ ነው። በ1987 ዓ.ም. የኤክስቴንሽን ፓኬጅ ሲጀመር ዳፕና ዩሪያ በብድር ይታደል ጀመር። በ1990ዎቹ በአማራ ክልል ማዳበሪያ ካስመጡትና ካከፋፈሉት አንዱ አምባሰል የንግድ ሥራዎች ድርጅት ነበር፤ ያን ድርጅት ከወቅቱ የክልሉ ገዢ ፓርቲ ጋር ያገናኘው ገመድ የአደባባይ ጉዳይ ነበር። በኋላ ሥራው ወደ ዩኒየኖችና ወደ መሠረታዊ ማኅበራት ዞረ። ማኅበሩ ከዓመት እስከ ዓመት የሚሠራው አንድ ሥራ ማዳበሪያ ማደል ሆነ። ዕዳ ሰብሳቢውም እሱ ሆነ። «አገልግሎት» ኮታ ሲሰበስብ ያየ አባት ልጁ ከማኅበሩ ደጅ ለዩሪያ ሲሰለፍ ቢያይ ልዩነቱ ላይታየው ይችላል። በእኔ ግምት የሐይቅና የአምባሰል ኅብረት ሥራ ትልቁ ስብራት ይህ ነው። ሰው ወደ ማኅበሩ የሚሄደው ሊወስድ ብቻ ነው፤ ሊያስገባና ሊካፈል የሚሄደው ጥቂት ነው።

አዋጅ ቁጥር 985/2009 የ1991ዱን ሕግ ተካው። አምስት ዓመት ሳይሞላ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ውጫሌንና ሐይቅን አልፎ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ መንግሥት ደሴንና ኮምቦልቻን አስለቀቅሁ ያለው ኅዳር 27 ነው። ወቅቱን አስቡት፤ እህል ገና በክምር ያለበት፣ መኸር የሚሰበሰብበት ወር ነው። ኮምቦልቻ ያለው የዓለም የምግብ ፕሮግራም መጋዘን ሳይቀር ተዘረፈ። ድርጅቱም በኮምቦልቻና በደሴ ዕደላውን አቆመ። የዕርዳታ መጋዘን በማይከበርበት የቀበሌ መጋዘን ይከበራል ብሎ የሚጠብቅ የለም።

በ2015 ክረምት መግቢያ ደግሞ ማዳበሪያ ጠፋ። በአማራ ክልል ገበሬዎች ለአቤቱታ ባሕር ዳር ድረስ ወጡ። ማኅበሩ የሚሠራው አንድ ሥራ ማዳበሪያ ብቻ ከሆነ፣ ማዳበሪያው ሲቀር ለአባሉ የሚያሳየው ምንም የለውም። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ክልሉ ወደ ሌላ ግጭት ገባ። መንገድ ሲዘጋ ዩኒየኑ ከመሠረታዊ ማኅበሩ፣ መሠረታዊ ማኅበሩ ከገበያው ይቆራረጣል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የቀበሌ ነዋሪ እርስ በርሱ የሚገናኝበት የማይዘጋ ቦታ ቅሬው ነው። የቅሬ ገንዘብ ያዥ ከቀባሪው ፊት ሒሳቡን ይቆጥራል፤ ያላወራረደ ገንዘብ ያዥ ለቀጣዩ ለቅሶ ፊቱን ይዞ አይመጣም። የኅብረት ሥራ ማኅበር ኦዲት ግን በብዙ ቦታ ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ ይጠብቃል። ባለሙያው እስኪመጣ ሁለት ሦስት ዓመት ያልፋል፣ ትርፍ ክፍፍሉም አብሮ ይቆያል። ሕጉ አባሉ በራሱ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ አማካይነት ሒሳቡን እንዲያይ አይከለክለውም፤ ሊከለክለውም አይገባም።

ባለ እጁ ዛሬም ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው ማለት ይቻላል። ሸክላ ሠሪዋ ምጣዷንና ጀበናዋን በጀርባዋ አዝላ ሐይቅ ገበያ ትወርዳለች። መንገድ ላይ የተሰበረው ኪሳራ የእሷ ነው። ከመሸ የቀረውን በተሰጣት ዋጋ ትታው ትሄዳለች። ሸማኔው ድርና ማጉን ከነጋዴ በዱቤ ይወስዳል፣ ጋቢውን ለዚያው ነጋዴ ይመልሳል። ዋጋውን የሚቆርጠው አንዱ ወገን ብቻ ነው። የገበሬው ሁለገብ ማኅበር በብዙ ቀበሌ መጋዘን፣ ሚዛንና ሱቅ አለው። የአንድ ቀበሌ ሰው ከማኅበሩ ሱቅ ሳሙናና ዘይት ሲገዛ እዚያው የመንደሩን ሸክላ ሠሪ ምጣድና የመንደሩን ሸማኔ ነጠላ ቢያገኝ፣ ቀጥቃጩም ማረሻውን ለማኅበሩ አስረክቦ እንደ ማንኛውም አባል በዓመቱ ትርፉን ቢካፈል፣ ሕጉ ላይ የሚለወጥ አንድ አንቀጽ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ነው። አባልነቱን የሚጠይቅ ሸማኔ ሲመጣም መዝገቡን የሚከፍትለት ጸሐፊ።